አሥራ ሁለቱን ዓመት ማን በላው? ስለ ኒው ዮርክ ካዚኖዎች የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆይቶ እኔም ጋ ደረሰ። የላከልኝ ወዳጄ «አንብበውና ፍረድ» ብሎ ነው የላከው። ጸሐፊው እዚሁ አሜሪካ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ብዕራቸው ጥሩ ነው። ቁጣቸው ደግሞ ከብዕራቸው ይበልጣል። የተቆጡት በኒው ዮርክ ነው። ሦስት የካዚኖ ፈቃድ ለመስጠት አሥራ ሁለት ዓመት የፈጀ ከተማ ምን ዓይነት ከተማ ነው ይላሉ።

ያላነበባችሁት ካላችሁ ክርክራቸው ባጭሩ ይህን ይመስላል። ሕዝቡ በ2013 ድምፅ ሰጠ፤ ፈቃዱ የተሰጠው በ2025 መጨረሻ ነው። ሜሪላንድ ይህንኑ ሥራ በአራት ዓመት ጨርሳዋለች። በየሰፈሩ የተቀመጡ ስድስት ስድስት ሰዎች በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ከበር መለሱ። የከተማዋ ምድር ባቡር ገንዘብ አጥቶ ሲንገዳገድ ግብሩ በሜዳ ቀረ። ወገኖቻችን ሥራ ሳያገኙ ቆዩ። ሕዝቡ እንደሆነ በስልኩ እየቆመረ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለው ፈቃድ ቢበዛ በአንድ ዓመት ማለቅ አለበት።

በአንዳንዱ እስማማለሁ። በአብዛኛው ግን አልስማማም። በተራ ልሂድበት። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

መጀመሪያ አሥራ ሁለቱን ዓመት እንቁጠራቸው። ጸሐፊው እንደ አንድ ድፍን ነገር ነው ያዩአቸው። ሲያነቡት አንድ ባለሥልጣን ፋይል ተንተርሶ አሥራ ሁለት ዓመት ያንኮራፋ ይመስላል።

በኖቬምበር 2013 የኒው ዮርክ ግዛት መራጮች አንድ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ አጸደቁ። ማሻሻያው በግዛቱ ውስጥ እስከ ሰባት የሚደርሱ የንግድ ካዚኖዎችን ይፈቅዳል። ከዚያ ጋር የወጣው ሕግ ግን ተራ አስይዞ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ለላይኛው የግዛቱ ክፍል ይሰጡ፤ ፋብሪካ ለተዘጋባቸውና ወጣቱ ለተሰደደባቸው ከተሞች። ኒው ዮርክ ከተማና አካባቢዋ ደግሞ ላይኞቹ ፈቃድ ካገኙበት ጊዜ ጀምሮ ሰባት ዓመት ይጠብቁ። ምክንያቱን ለመረዳት ብዙ አያስቸግርም። ማንሃተን ላይ ካዚኖ እያለ ሁለት ሰዓት ነድቶ ካትስኪል ተራራ የሚወጣ ማነው? ያ ዋስትና ባይኖር ላይኛው ክፍል ላይ ገንዘቡን የሚያፈስ ባለሀብትም አይገኝም ነበር።

እንግዲህ ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱ ቃል የተገባባቸው ዓመታት ናቸው። ቃሉ የተገባው ለስኬኔክተዲ፣ ለዋተርሉ፣ ለሞንቲሴሎና ለኒኮልስ ሰዎች ነው። እንዲያውም ቃሉ በወጉ አልተጠበቀም። በኤፕሪል 2022 የግዛቱ ሕግ አውጪዎች በበጀት ሕጉ ውስጥ አንድ አንቀጽ አስገብተው ለታችኛው ክፍል፣ ማለትም ለከተማዋና ለአካባቢዋ፣ ሦስት ፈቃዶች በሩን ቀደም ብለው ከፈቱት። ጸሐፊው «ዘገዩ» የሚሉአቸው ሰዎች በዚህ ላይ ቸኩለዋል።

ከዚያ ቦታ የሚመርጥ ቦርድ ተቋቋመ። ቦርዱ በጃንዋሪ 2023 የማመልከቻ ጥሪ አወጣ። ማመልከቻው የተዘጋው ግን ጁን 27 ቀን 2025 ነው። እዚህ ጋ ሁለት ዓመት ተኩል አለ። እውነት ለመናገር መጀመሪያ ላይ እኔም በዚህ ተናድጄ ነበር። ኋላ ግን ነገሩን ስከታተል ያን ያህል አልገረመኝም። የኒው ዮርክ ከተማ የመሬት አጠቃቀም ደንብ ካዚኖ የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። የከተማው ምክር ቤት ያን ያስተካከለው በ2024 ነው። ከዚያ በኋላም እያንዳንዱ አመልካች የመሬቱን ጉዳይና የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናቱን መጨረስ ነበረበት። የማመልከቻው ቀን የተራዘመው ይህን እንዲጨርሱ ነው።

ቦርዱ ቀኑን በ2023 ቢዘጋው ኖሮ ማን ይጠቀም ነበር? መልሱን ጸሐፊው ሳይነኩት አልፈዋል። ሁለት ኩባንያዎች ሕንፃም ማሽንም ደንበኛም ነበራቸው። አንዱ ኩዊንስ ውስጥ አኩዌዳክት የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ላይ ያለው ሪዞርትስ ወርልድ ነው። ሌላው ከከተማዋ ወሰን ወጣ ብሎ ዮንከርስ ያለው፣ ኤም.ጂ.ኤም የተባለው የካዚኖ ኩባንያ ኢምፓየር ሲቲ ነው። ሁለቱም ለዓመታት የመቆመሪያ ማሽን ሲያሠሩ የኖሩ ናቸው። የጎደላቸው የጠረጴዛ ጨዋታና ሙሉ ፈቃድ ብቻ ነበር። ነገሩ ቶሎ ቢያልቅ የሚሮጡት እነዚህ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። በእንዲህ ዓይነት ጨረታ «ቶሎ ይለቅ» ማለት ብዙ ጊዜ «ለቀደመው ይሰጥ» ማለት ነው።

ማመልከቻው ከተዘጋ በኋላስ? ስምንት ማመልከቻ ቀረበ። የሰፈር ኮሚቴዎቹ በሴፕቴምበር መጨረሻ ድምፃቸውን ሰጥተው ጨረሱ። ቦርዱ ዲሴምበር 1 ላይ ሦስቱን አሳወቀ። የግዛቱ የቁማር ኮሚሽን ዲሴምበር 15 ላይ አጸደቀው። አምስት ወር ተኩል መሆኑ ነው። እኔ አገር ቤት የእናቴን ቤት ካርታ ስም ለማዛወር ከዚህ በላይ ፈጅቶብኛል፤ ያውም ቤቱ ሁለት ክፍል ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው ሜሪላንድ ነው። ይህ ለእኛ ሰው ጆሮ ይጥማል። ናሽናል ሃርበር ያለውን ኤም.ጂ.ኤም ከዲሲ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የማያውቅ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም። እዚያ የሚሠራም፣ እዚያ የሚጫወትም አለን። ጸሐፊው የጠቀሱት ዓመትም ልክ ነው። በኖቬምበር 2012 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፤ በዲሴምበር 2013 ፈቃዱ ተሰጠ፤ በዲሴምበር 2016 በሩ ተከፈተ።

ችግሩ ቆጠራውን የጀመሩት ከመሃል መሆኑ ነው። ሜሪላንድ ለስሎት (ለመቆመሪያ) ማሽን ሕዝበ ውሳኔ ያካሄደችው በ2008 ነው። ከዚያ በፊት ሕግ አውጪዎቹ በጉዳዩ ለዓመታት ሲናቆሩ ኖረዋል። ናሽናል ሃርበር የግዛቲቱ ስድስተኛ ካዚኖ ነው። ስድስተኛ ልጅ እንደ መጀመሪያው አያስምጥም። ደግሞስ ቦታውን ይዩት። ፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ለቱሪስት ተብሎ አዲስ የተሠራ ሰፈር ነው። ያንን ከታይምስ ስኩዌር ጋር ማወዳደር ከተማ ዳር መጋዘን መሥራትን መርካቶ መሃል ከመሥራት ጋር እንደ ማወዳደር ነው።

ጸሐፊው በትልቅ ከተማ ውስጥ የተቻኮለ ፈቃድ ማየት ከፈለጉ ቺካጎን ልጠቁማቸው። የኢሊኖይ ግዛት በ2019 ፈቀደ። ከንቲባዋ በሜይ 2022 ባሊስ የተባለውን ኩባንያ መረጡ። በሴፕቴምበር 2023 ሜዳይና ቴምፕል በተባለው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ጊዜያዊ ካዚኖ ተከፈተ። ከተማዋ የቸኮለችበት ምክንያት ነበራት። የፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች የጡረታ ገንዘብ ጎድሎባት ነበር፤ የካዚኖው ግብር ለዚያ ነው የታሰበው። ታዲያ ገቢው ከተማዋ በጀቷ ላይ ከጻፈችው በእጅጉ አነሰ። ቋሚውን ሕንፃ ለመገንባት ደግሞ ኩባንያው ገንዘብ አጠረውና በ2024 አንድ የሪል ስቴት ኩባንያ በ2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰለት።

ይህ ባሊስ አሁን ብሮንክስ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው ያው ባሊስ ነው። ወደሱ እመለሳለሁ። የምኖረው ብሮንክስ ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም።

ሦስተኛው ነጥብ ስለ ኮሚቴዎቹ ነው። ጸሐፊው ትልቁን ቁጣቸውን ያፈሰሱት እዚህ ላይ ነው። ያልተመረጡ ስድስት ሰዎች ቢሊዮን ዶላር መለሱ ይላሉ።

እስቲ እነዚህ ስድስት ሰዎች እነማን እንደሆኑ እንይ። ከተማዋ ውስጥ ለእያንዳንዱ ማመልከቻ አንድ የማኅበረሰብ አማካሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። አንዱን አባል አገረ ገዢዋ ትሰይማለች፤ አንዱን ከንቲባው፤ አንዱን የቦሮው (የከተማዋ ክፍል) ፕሬዚዳንት። የቀሩትን ሦስቱን የዚያ ሰፈር የግዛት ሴናተር፣ የግዛቱ ታችኛው ምክር ቤት ተወካይና የከተማው ምክር ቤት አባል ይሰይማሉ። ለማለፍ ከስድስቱ የአራቱ ድምፅ ያስፈልጋል። እንግዲህ ሁሉም ሕዝብ ከመረጠው ሰው የተላኩ ናቸው። ከዚህ በላይ የተመረጠ ኮሚቴ ከየት ይመጣል?

ሴፕቴምበር 17 ቀን 2025 ሁለት የማንሃተን ዕቅዶች በአንድ ቀን ወደቁ። አንደኛው ራፐሩ ጄይ ዚ ያለበት የታይምስ ስኩዌሩ ቄሳርስ ፓላስ ነው። ሁለተኛው ከሃድሰን ያርድስ አጠገብ ሊሠራ የታሰበው አቬኒር ነው። ሁለቱም አራት ለሁለት ነው የወደቁት። ከጥቂት ቀን በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ሕንፃ አጠገብ ሊሠራ የነበረው ፍሪደም ፕላዛ ተከተለ። ቀጥሎ ብሩክሊን ያለው ኮኒ አይላንድ። በታይምስ ስኩዌሩ ድምፅ «ይሁን» ያሉት የአገረ ገዢዋና የከንቲባው ተወካዮች ናቸው። «አይሆንም» ያሉት ለሰፈሩ የቀረቡት ናቸው። ጸሐፊው ይህን ጥበት አድርገው አይተውታል። እኔ እንደ ጤነኛ ምልክት ነው ያየሁት። እኩለ ሌሊት ላይ መንገዱ ላይ የሚሆነውን የሚያየው አገረ ገዢዋ አይደለችም።

የብሮድዌይ ቲያትር ባለቤቶችና ፕሮዲውሰሮች ለምን እንደተቃወሙም አንድ ነገር ልበል፤ ጸሐፊው የሀብታም ምቀኝነት ብለው ነው ያለፉት። ካዚኖ የሚሠራው እንግዳው እንዳይወጣ ተደርጎ ነው። መስኮት የለውም። ግድግዳው ላይ ሰዓት አይሰቀልም። መጠጡም ምግቡም ጨዋታው አጠገብ ነው፤ ብዙ ለሚያስይዝ ሰው ደግሞ በነፃ ነው። ቲያትር በተቃራኒው ሁሉንም ሰው በአንድ ሰዓት ወደ መንገድ ይለቃል። የራበው ሰው ወደ ሄልስ ኪችን ያቀናል። እዚያ ሰፈር የሐበሻ ምግብ ቤትም አለ። ከቲያትር የወጣ ቱሪስት ክትፎ ሲሞክር በዓይኔ አይቻለሁ። ካዚኖ ውስጥ የገባ ሰው ግን ክትፎ ፍለጋ ወደ ውጭ አይወጣም።

ደግሞስ ኮሚቴዎቹ ሁሉን አልጣሉም። ኩዊንስ ላይ ሁለቱም ዕቅዶች ስድስት ለዜሮ አልፈዋል። ሪዞርትስ ወርልድን ሕዝቡ ከ2011 ጀምሮ ያውቀዋል፤ መጥፎውንም ጥሩውንም ለምዶታል። ሁለተኛው ሜትሮፖሊታን ፓርክ ነው፤ የሜትስ ቤዝቦል ቡድን ባለቤት ስቲቭ ኮኸን ከሃርድ ሮክ ጋር ሆኖ ከስታዲየሙ አጠገብ ያሰበው። የዚህ ታሪክ ደስ ስለሚለኝ ትንሽ ልቆይበት።

ያ ቦታ ለዓይን አስፋልት ብቻ ነው። የመኪና ማቆሚያ። በወረቀት ግን ፓርክ ነው። በ1939 የዓለም ኤግዚቢሽን ከተካሄደበት የፍለሺንግ ሜዳ ጋር የተያያዘ የሕዝብ መሬት ነው። በ2017 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እዚያው መሬት ላይ የገበያ ማዕከል ሊሠራ ሲል «ሕግ አውጪው ሳይፈቅድ አይቻልም» ብሎ አስቁሞታል። ስለዚህ ኮኸን ገንዘብ ብቻውን አልበቃውም። አንድ የሰፈሩ ሴናተር ረቂቅ ሕጉን ማቅረብ አለበት። በ2024 ሴናተር ጀሲካ ራሞስ የሰፈሩን ሰዎች ስታነጋግር ቆይታ «አላቀርብም» አለች። አለቀ ተብሎ ነበር። በ2025 የጎረቤቱ ሴናተር ጆን ሊዩ ረቂቁን አቀረበ። በነፃ ግን አላቀረበም። ፍለሺንግን ከፓርኩ የሚያገናኝ ከፍ ያለ የእግረኛና የብስክሌት መሄጃ እንዲሠራ አስገባ።

አያችሁ? ያቺ የዘገየች አንድ ዓመት ለፍለሺንግ ሰው መሄጃ ገዛችለት። ጸሐፊው ይህን «ደጅ ማስጠናት» ይሉታል። እኛ ሰፈር ዋጋ መከራከር ነው የሚባለው።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አራተኛው ነጥብ በየዓመቱ የጠፋ ግብር ነው። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። እያንዳንዱ ፈቃድ ቢያንስ 500 ሚሊዮን ዶላር የፈቃድ ክፍያ አለበት። ሦስቱ 1.5 ቢሊዮን ይሆናል። ገንዘቡ በዋናነት የታሰበው ለምድር ባቡሩ ነው። በየቀኑ የምሳፈርበት ባቡር ስለሆነ «ይቆይ» ማለት አይቀለኝም። የኒው ዮርክ ሰው ገንዘቡን ተሸክሞ ኮነቲከትና ኒው ጀርሲ እንደሚሄድም አልክድም። በማርች 2011 ከኮነቲከቱ ሞሂጋን ሰን ካዚኖ ሲመለስ የነበረ አውቶቡስ እዚሁ ብሮንክስ አውራ ጎዳናው ላይ ተገልብጦ 15 ሰው ሞቷል። ያን ጊዜ የነበረ የብሮንክስ ሰው አይረሳውም።

ነገር ግን «ግብሩ በሜዳ ቀረ» ሲሉ ማሽኖቹ ቆመው የነበሩ ያስመስላሉ። አልቆሙም። ዮንከርስ ከ2006 ጀምሮ፣ አኩዌዳክት ከ2011 ጀምሮ ሲዞሩ ነው የከረሙት። ለግዛቱ የትምህርት ገንዘብ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር አስገብተዋል።

ሌላም አለ። ሕጉ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ግብር ከስሎት ማሽን 25 በመቶ፣ ከጠረጴዛ ጨዋታ 10 በመቶ ነው። ሪዞርትስ ወርልድ በመጨረሻ ያቀረበው 56 በመቶና 30 በመቶ ነው። ከእጥፍ በላይ። ይህ ቁጥር ቸርነት የወለደው አይደለም። ተፎካካሪ አለ ብሎ የሚሰጋ ሰው ነው እንዲህ ዓይነት ቁጥር የሚጽፈው። በ2013 ፈቃዱን «ሕንፃ ስላለህ ውሰድ» ብለው ቢሰጡት ኖሮ እንዲህ ይጽፍ ነበር?

ቦርዱ ሦስቱ ካዚኖዎች ከ2027 እስከ 2036 ባለው ጊዜ 7 ቢሊዮን ዶላር የቁማር ግብር ያስገባሉ ብሎ ገምቷል። ጸሐፊው ይህን ቁጥር ለአሥር አካፍለው፣ በባከነው ዓመት አባዝተው «ይህን ያህል ከሰርን» ይላሉ። ግምትን እንደ ደረሰ እቁብ ቆጠሩት። የላይኛው ክፍል አራቱ ካዚኖዎችም ግምት ነበራቸው። በወረቀት ላይ የሚያምር። ሲከፈቱ ገቢያቸው ከተባለው በታች ሆነ። የዋተርሉው ዴል ላጎ በተከፈተ በዓመቱ፣ በ2018፣ ግዛቱን እርዱኝ ብሏል። የካትስኪሉ ባለቤት ኩባንያ በ2019 ለኪሳራ ቋፍ ላይ ደርሶ ነበር።

ጭራሽ የኒው ጀርሲዋን የካዚኖ ከተማ አትላንቲክ ሲቲን ማንሳት አልፈልግም ነበር፤ ግን ጸሐፊው «ካዚኖ መቼም አይከስርም» ብለው ጻፉ። በ2014 ብቻ አትላንቲክ ሲቲ ውስጥ አራት ካዚኖዎች ተዘግተዋል። አትላንቲክ ክለብ፣ ሾውቦት፣ ሬቭል፣ ትራምፕ ፕላዛ። ሬቭል 2.4 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቶ በ2012 የተከፈተ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል እንኳን አልሞላም። በማግሥቱ ዓመት በ82 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ያን ክረምት በዚያ በኩል አልፌ ነበር። መስታወት የለበሰ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ፣ አንድ መብራት የማይበራበት፣ ባሕሩ ላይ አፍጥጦ። አጠገቡ ያለው ሱቅ «እንሸጣለን» የሚል ወረቀት ለጥፏል።

ስለ ሥራ የጻፉት ልብ ይነካል። ላስ ቬጋስ ስንቱ ሐበሻ ቤት የገዛውና ልጁን ያስተማረው በካዚኖ ሥራ ነው። ካርድ የሚያድል፣ መኪና የሚያቆም፣ ታክሲ የሚነዳ። እኔም ብዙ ዘመድ አለኝ። የሆቴልና የካዚኖ ሠራተኞች ማኅበር ኒው ዮርክ ላይ እነዚህን ዕቅዶች የደገፈው በከንቱ አይደለም፤ ደመወዙ ጥሩ ነው። ሥራውን አልንቅም።

ግን ጠረጴዛው ሁለት ወገን አለው። ጸሐፊው ያዩት ቆሞ ካርድ የሚያድለውን ብቻ ነው። የተቀመጠውም የኛ ሰው ነው። አንድ የማውቀው ሰው ነበር፤ ስሙን አልጠራም፣ ካዚኖውንም አልጠራም። እቁብ ወጣለት። ቅዳሜ ማታ ነው የተቀበለው። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። ሰኞ ሚስቱ ለዳኛው ደወለች፤ «ገንዘቡን አልሰጣችሁትም እንዴ?» ብላ። እቁቡ ገና አሥራ አራት ሳምንት ይቀረው ነበር። ሰውዬው አሥራ አራቱንም ሳምንት ሳያጓድል ከፈለ፤ የት ሠርቶ እንዳመጣው እግዜር ይወቅ። ካዚኖ ስለተፈቀደ ነው ይህ የሆነው አልልም። ሥራ የሚለው ነጥብ ሲመዘን ግን ይህም ሚዛኑ ላይ ይቀመጥ።

ቀጥሎ ስልኩ። ሰዉ በስልኩ እየቆመረ ሕንፃ መከልከል ምን ያደርጋል ነው ነገሩ። ይህ ነጥብ ራሳቸውን ነው የሚመታቸው። ኒው ዮርክ የስልክ ስፖርት ውርርድን የፈቀደችው በኤፕሪል 2021 በጀት ነው። ሥራ የጀመረው ጃንዋሪ 8 ቀን 2022 ነው። ዘጠኝ ወር! ጸሐፊው የሚመኙት ፍጥነት ይኸው። ግዛቱ ከኩባንያዎቹ ገቢ 51 በመቶ ይወስዳል። በ2024 ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ግብር አግኝቷል። የሰፈር ኮሚቴ አልነበረም። ማንም ሰው በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «የልጄ ስልክስ?» ብሎ አልጠየቀም። አሁን የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ በክፍል ውስጥ ሆኖ የቅርጫት ኳስ ቡድን በሦስተኛው ሩብ ስንት እንደሚያገባ ሲያስይዝ ይውላል። አዲስ አበባም ቤቲንግ ቤቱ በየሰፈሩ እንደ ሱቅ ሲፈላ ያየን ሰዎች ፍጥነቱን እናውቀዋለን።

በነገራችን ላይ ጸሐፊው ከዚህ የተሻለ መከራከሪያ ነበራቸው። ሳይጠቀሙበት ቀሩ እንጂ። የካናቢስ ፈቃድ። ኒው ዮርክ በማርች 2021 ሕጋዊ አደረገችው። የመጀመሪያው ሕጋዊ ሱቅ የተከፈተው በዲሴምበር 2022 መጨረሻ ነው። እስከዚያ ፈቃድ የሌላቸው ሱቆች ከተማዋን ሞሉት፤ ሲጋራና ከረሜላ መሃል ይሸጡ ነበር። እዚያ ላይ መዘግየት ጎድቷል፤ እቀበላለሁ። የካናቢስ ሱቅ በአንድ ሌሊት ይከፈታል። ባለ ብዙ ፎቅ ካዚኖ ግን ተደብቆ አይከፈትም።

አሁን ጸሐፊው ያላነሡትን፣ እኔን ግን የሚያንገበግበኝን ልናገር። በዚህ ሂደት የምወቅሰው ነገር አለ፤ ያለው ግን መጨረሻው ላይ ነው።

ከስምንቱ አራቱን ኮሚቴዎቹ ጣሉ። አራት ቀሩ። ኦክቶበር ላይ ኤም.ጂ.ኤም «30 ዓመት የሚቆይ ፈቃድ ጠብቄ 15 ዓመት ሆነብኝ» ብሎ ከዮንከርስ ዕቅዱ ወጣ። ሦስት አመልካች ለሦስት ፈቃድ። ከዚያ በኋላ ውድድር የሚባል ነገር አልነበረም። ሕጉ «እስከ ሦስት» ነው የሚለው፤ ሁለት መስጠት ይቻል ነበር። አንድም ይቻል ነበር። ቦርዱ በሳምንታት ውስጥ ሦስቱንም ሰጠ። ቀስ ብሎ የመጣ ሂደት በሩ ጋ ሲደርስ ሮጠ።

ባሊስን እዩት። ቦታው ከዋይትስቶን ድልድይ ሥር፣ ፌሪ ፖይንት ነው። ድሮ የቆሻሻ መጣያ የነበረ፣ ኋላ የጎልፍ ሜዳ የሆነ የከተማ መሬት። ሜዳውን ያስተዳድር የነበረው የትራምፕ ኩባንያ ነበር። ባሊስ በ2023 ውሉን በ60 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የካዚኖ ፈቃድ ከተገኘ ደግሞ ሌላ 115 ሚሊዮን ዶላር ለትራምፕ ኩባንያ እንደሚከፈል በይፋ የታወቀ ነው። በጁላይ 2025 የከተማው ምክር ቤት የመሬቱን ጥያቄ ጣለው። የያኔው ከንቲባ ኤሪክ አዳምስ የምክር ቤቱን ውሳኔ በሥልጣናቸው ሻሩት። ምክር ቤቱ ደግሞ የሳቸውን ሽረት ለመሻር የሚበቃ ድምፅ አላገኘም። ዕቅዱ ነፍስ ዘራ። ኮሚቴውንም አለፈ።

ጎረቤቶቼ በዚህ ለሁለት ተከፍለዋል። ሥራ ይመጣል የሚል አለ። ድልድዩ ላይ ያለው መጨናነቅ አሁንም አልተቻለም የሚል አለ። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ቺካጎ ላይ ገንዘብ አጥሮት የነበረ ኩባንያ 4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከየት ያመጣል? ቦርዱ እዚህ ላይ ተጨማሪ ስድስት ወር ቢወስድ ቅር አይለኝም ነበር። ጸሐፊው ግን አንድም ጊዜ እንዲህ ብለው አልጠየቁም፤ ቀኑን ሲቆጥሩ ነው ጽሑፋቸው ያለቀው።

የመጨረሻው ምክራቸው የሚቀጥለው ፈቃድ በአንድ ዓመት ይለቅ የሚል ነው። በ2013 የጸደቀው ማሻሻያ የፈቀደው ሰባት ካዚኖ ነው። አራቱ ላይ ተሰጡ። ሦስቱ አሁን ታች ተሰጡ። ሰባት ሞላ። ስምንተኛ ለመጨመር ሕገ መንግሥቱ እንደገና መሻሻል አለበት። ያ ደግሞ በሁለት ተከታታይ የምርጫ ዘመን ሕግ አውጪዎቹ ማጽደቅ አለባቸው፤ በመሃሉ ምርጫ መካሄድ አለበት፤ ከዚያ ጉዳዩ ወደ ሕዝብ ድምፅ ይሄዳል። ጸሐፊው ያሰቡት አንድ ዓመት የመጀመሪያውን ድምፅ ለማሰጠት እንኳን ቢበቃ ነው።